የድሮ ኮሚክ ዛሬ ይነበባል? ለፊልምስ ይሆናል? ጎንደር ላይ ለሚሠሩ የመፈተሻ መመሪያ

የድሮ ኮሚክ፣ ማለትም በሣጥን በሣጥን በተከፈለ ሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ፣ ይዞ «ይህማ ፊልም ይወጣዋል» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ሥዕሉን ነው። ሥዕሉ ግን ከሁሉ ያነሰው ማስረጃ ነው። ሥዕሉ አምሮ ካሜራ ፊት ሲቀርብ አንድ ደቂቃ እንኳ የማይንቀሳቀስ ስንት ኮሚክ አለ፤ ሥዕሉ ተራ ሆኖ ደግሞ ሣጥን በሣጥን ተቆጥሮ ወደ ፊልም የሚገባ አለ። መታየት ያለበት በሁለት ሣጥኖች መካከል ያለው ነጭ ቦታ ነው። አንዱ ሣጥን ላይ ዱላው ተነሥቷል፣ ቀጣዩ ላይ ሰውየው ወድቋል፤ ምቱን ያየው አንባቢው ብቻ ነው፣ ያውም በራሱ ልብ። ፊልም ሠሪ ያንን ቦታ በጊዜ፣ በድምፅና በሰው እንቅስቃሴ መሙላት አለበት። የሚሞላው ካጣ ኮሚኩ ለፊልም አይሆንም። የሚሞላው ዛሬ የሚያሳፍር ከሆነ ደግሞ ኮሚኩ አርጅቷል። ሁለቱ ጥያቄዎች፣ ይነበባል ወይ እና ይቀረጻል ወይ፣ መልሳቸው እዚያው ቦታ ላይ ነው።

ዓመቱን ፈልጉ

የድጋሚ ህትመቱን ሳይሆን መጀመሪያ የወጣበትን ዓመት ያዙ። ዓመቱ ስለ መጨረሻው ብዙ ይናገራል። ሱፐርማን መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. ጁን 1938 በሚል እትም፣ በ13 ገጽ ታሪክ ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ፣ ከአዋጅ ቁጥሩ በቀር፣ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ያን ጊዜ አይበርም፤ የማይል አንድ ስምንተኛ፣ ማለትም 200 ሜትር ያህል፣ ይዘላል እንጂ። ሚስቱን የሚደበድብ ባል ያስቆማል፣ ያለ ጥፋቷ ሞት የተፈረደባትን ሴት ያስጥላል፣ ከአንድ የምክር ቤት አባል ጋር የሚዶልተውን ጉዳይ አስፈጻሚ ያስፈራራል። ይህን ዛሬ አንድ የጎንደር ማራኪ ሰፈር ልጅ ቢያነበው ማብራሪያ አይጠይቅም። የ1938ቱ ታሪክ ከእሱ በኋላ ከወጡት ብዙዎቹ ይበልጥ ወጣት ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በ1954 የአሜሪካ ኮሚክ አሳታሚዎች ራሳቸው ደንብ አወጡ፤ ፖሊስን፣ ዳኛንና የመንግሥት ሹምን የሚያቃልል ነገር እንዳይሳል፣ ክፉው ሁልጊዜ እንዲሸነፍ የሚል። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በደንቡ ማኅተም በወጡ ታሪኮች ላይ መጨረሻው ከመጀመሪያው ገጽ ይታወቃል። እንዲህ ያለ እትም ከያዛችሁ የመጨረሻዎቹን ሦስትና አራት ገጾች በወረቀት ክሊፕ ያዙና የቀረውን ብቻ ገምግሙ። የቀረው ጥሩ ከሆነ መጨረሻውን አዲስ መጻፍ የእናንተ ሥራ ነው።

ስለ ቀለሙም አንድ ነገር። እነዚህ መጻሕፍት የታሰቡት ቀለም ለሚጠጣ ርካሽ ወረቀት ነው፤ በነጠብጣብ የታተመው ቀይ እዚያ ላይ ይደበዝዛል። በሚያብረቀርቅ ወረቀት ወይም በስልክ ስክሪን ላይ ያው ቀለም ይጮኻል፣ ሰውም «ሥዕሉ የልጅ ነው» ብሎ ይፈርዳል። ገጹን ስልክ ላይ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይራችሁ እዩት። ማን ማን እንደሆነ አሁንም ከለያችሁ ሠዓሊው በአቋምና በፊት ነው የሠራው፤ ተዋናይ ይህን ሊያደርገው ይችላል። ካልለያችሁ ገጸ ባሕርዮቹ የሚለያዩት በልብስ ቀለም ብቻ ነው ማለት ነው፤ ያ ደግሞ ፊልም ላይ የልብስ ወጪ እንጂ ሰው አይሆንም።

ፊደሉን ሸፍኑ

ከመጽሐፉ መሀል ተከታታይ 8 ገጽ ምረጡ። መጀመሪያውን አትውሰዱ፣ እዚያ ሁሉም ደራሲ ይጠነቀቃል። ንግግር የተጻፈባቸውን አረፋዎችና የትረካ ሣጥኖች በትናንሽ ወረቀት ሸፍኑ። ከዚያ መጽሐፉን ላላነበበ ሰው ስጡና ታሪኩን በቃሉ እንዲናገር አድርጉ፤ ስልክ ላይ ቅዱት። ከ8ቱ 6ቱን ገጽ ሳይደናቀፍ ከተናገረ ኮሚኩ ለካሜራ የተሠራ ያህል ነው። «እዚህ ጋ ሁለት ሰዎች ቆመው ያወራሉ… እዚህም ያወራሉ…» ካለ ግን በእጃችሁ ያለው በሥዕል ያጌጠ የሬዲዮ ድራማ ነው። ለሬዲዮ ይሁን፣ ነውር የለውም።

ቀጥሎ ገልብጡት፤ ፊደሉን ብቻ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ፊደሉ ብቻውን ሁሉን ከነገራችሁ ሥዕሉ ሥራ ፈት ነው። ወርቁ ያለው ፊደሉና ሥዕሉ በማይስማሙበት ገጽ ላይ ነው፤ አፉ «ምንም አልፈራሁም» ይላል፣ እጁ ግን ስኒውን ከነማስቀመጫው ያንቀጫቅጫል። እንዲህ ያለውን ሣጥን ባገኛችሁ ቁጥር ምልክት አድርጉ። በአንድ እትም ውስጥ አምስት ካገኛችሁ ጥሩ ተዋናይ የሚፈልግ ታሪክ አላችሁ።

የድምፅ ቃላቱን ደግሞ ለብቻ ዝርዝር ላይ አውጡ። ባዕዱ ቋንቋ «ባንግ» ያለበትን አማርኛው «ጧ»፣ «ዘጭ»፣ «ቋ»፣ «ሿ»፣ «ድም» እያለ ይከፋፍለዋል፤ በር ሲዘጋ የሚወጣው ድምፅና ጆንያ ሲወድቅ የሚወጣው በቃልም አንድ አይደሉም። ይህ ዝርዝር በኋላ የድምፅ ቀራጩ የሥራ ወረቀት ነው።

ያረጀው ልማዱ ነው ወይስ ዓይኑ?

የመደወያ ስልክ፣ ባቡር፣ የጽሕፈት መኪና፣ ባርኔጣ፤ እነዚህ አያስጨንቁም። ተመልካች በአንድ ሣጥን ይለምዳቸዋል፣ ካልፈለጋችሁም ታሪኩን ወደ ዛሬ ታመጡታላችሁ። ፍጥነቱም ይታረማል። የሚከብደው ዓይኑ ነው፤ ማን ማንን እያየ ነው የሚስለው የሚለው።

ለዚህ ቲንቲን ስለተባለው ወጣት ጋዜጠኛ ቤልጅየማዊው ሠዓሊ ኤርዤ የሠራቸው መጻሕፍት ከምንም ይበልጥ ያስተምራሉ። ስለ ኮንጎ የሚናገረው በ1930 እና 31 የወጣ ነው፤ አፍሪካውያኑ እንደ ልጅ ተስለዋል፣ ነጩ ልጅ ደግሞ ቆሞ ስለ አገራቸው ስለ ቤልጅየም ያስተምራቸዋል። በ1946 በቀለም ሲሠራ ትምህርቱ ወደ ሒሳብ ተለወጠ። ሰሌዳው ላይ ያለው ተቀየረ፣ ሰሌዳው ፊት የቆመው ግን አልተቀየረም። ያው ሠዓሊ በ1934 ወደ ቻይና ታሪክ ሲሄድ ከአንድ ቻይናዊ የሥነ ጥበብ ተማሪ ጋር ተቀምጦ መንገዱን፣ ልብሱን፣ ግድግዳ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳይቀር ጠይቆ ሣለ። በእኛ ፍርድ ሁለተኛው ዛሬም ይቆማል፣ የመጀመሪያው የታሪክ ሰነድ ብቻ ነው። በመካከላቸው ያለው አራት ዓመት አይሞላም፤ ስለዚህ «ዘመኑ ነው» የሚለው ማመካኛ ብዙ አያስኬድም።

መፈተሻው ቀላል ነው። ታሪኩ የሚፈጸምበት አገር ሰዎች በስንት ሣጥን እንደታዩ፣ ከዚያ ውስጥ በስንቱ እንደተናገሩ፣ በስንቱ ነገሩን ራሳቸው እንደፈቱ ቁጠሩ። ከዚያ አስቀያሚውን ቀልድ አውጥታችሁ ታሪኩን ለሰው ተርኩት። ድንኳኑ ቆሞ ከቀረ ያወጣችሁት ዘርፍ ነበር፤ ከተደረመሰ ምሰሶው እሱ ነበር ማለት ነው፣ ሌላ መጽሐፍ ፈልጉ።

መብቱ የማን ነው?

በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል፤ ሥራውን ወደ ፊልም መለወጥም ከዚያ መብት ውስጥ ነው። ፊልሙ ዩቲዩብ ላይ ሲወጣ ወይም ውጭ አገር ፌስቲቫል ሲላክ ደግሞ የሌላው አገር ሕግ ይመጣል። የቲንቲን ሠዓሊ የሞተው በ1983 ነው፤ አውሮፓ ውስጥ ጥበቃው 70 ዓመት ስለሆነ እስከ 2053 መጨረሻ ይሄዳል። አሜሪካ ውስጥ ግን በ1929 የታተሙት ገጾች ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ነፃ ናቸው፤ ከዚያ በየጃንዋሪው የቀጣዩ ዓመት ገጾች ይከተላሉ፣ በኋላ የመጡት ሰዎችና ቀለሞች ግን ዓመታቸው እስኪደርስ ነፃ አይደሉም። የ1938ቱ ሱፐርማን እዚያው አሜሪካ በ2034 መባቻ ነፃ ይወጣል።

ፈቃድ ጠይቆ መልስ መጠበቅ ለአጭር ፊልም ቡድን ዕድሜ ይበላል። ስለዚህ ለመጀመሪያ ሥራ ባለቤት የሌለው ታሪክ ምረጡ፤ ከሁሉም የሚቀርበው ደግሞ ከቤታችሁ ግድግዳ ላይ ሊሆን ይችላል። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በሣጥን ከፍሎ፣ ከሥሩ በአማርኛ ጽፎ የሚያሳየው ሸራ ኮሚክ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ብዙ ጊዜ 44 ሣጥን አለው፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል፣ በዘንዶው ይጀምራል። ታሪኩ የማንም አይደለም። አንድ በሕይወት ያለ ሠዓሊ የሣለው ሸራ ግን የሠዓሊው ነው፤ ሥዕሉን ራሱን ፊልሙ ውስጥ ልታሳዩ ከሆነ በጽሑፍ ተስማሙ።

ሰዓት ያዙ

ኮሚክ ጊዜ የለውም፤ አንባቢው ነው የሚሰጠው። ፊልሙ ስንት ደቂቃ እንደሚሆን ለማወቅ ሣጥኖቹን በሦስት ምድብ ቁጠሩ። ድርጊት ያለበት ሣጥን ከ2 እስከ 4 ሰከንድ ስጡት። ንግግር ያለበትን በአማርኛ ተርጉማችሁ ተዋናዩ እንደሚናገረው አንብባችሁ በስልክ ሰዓት ለኩ፤ መነሻ ከፈለጋችሁ በሰከንድ ሁለት ቃል አስቡ፣ 24 ቃል ያለው አረፋ 12 ሰከንድ ይሆናል። ያ ለአንድ ሣጥን በጣም ረጅም ነው፣ ግማሹን ቁረጡ። ዝም ያለ ሣጥን፣ ሰው መስኮት ላይ ቆሞ የሚያይበት ዓይነት፣ ከ5 እስከ 8 ሰከንድ ይወስዳል።

22 ገጽ ያለው እትም በገጽ 5 ወይም 6 ሣጥን ቢኖረው ወደ 120 ሣጥን ነው፤ ተደምሮ 10 ደቂቃ አካባቢ ይመጣል። ለአጭር ፊልም ልክ ነው። ረጅሙን መጽሐፍ ግን ማጨቅ አይቻልም። «አኪራ» የተባለው የጃፓን ኮሚክ ከ2000 ገጽ በላይ ነው፤ ደራሲው ራሱ በ1988 ወደ ፊልም ሲያመጣው መጽሐፉ ገና አላለቀም ነበር፣ አብዛኛውን ጥሎ ነው ሁለት ሰዓት ላይ ያደረሰው። ደራሲው ራሱ ከጣለ እናንተም መጣል ትችላላችሁ።

የማይሻገር ነገርም አለ። በ1986 እና 87 በ12 ክፍል የወጣው «ዋችሜን» የተባለው ኮሚክ አምስተኛው ክፍል የመጀመሪያ ገጹ ከመጨረሻው ገጽ ጋር እንደ መስተዋት ተቃራኒ ሆኖ የተደረደረ ነው። አንባቢ ገጹን ወደኋላ ገልጦ ያስተያያል። ፊልም ተመልካች ወደኋላ አይገልጥም፤ የ2009ኙ ፊልም ብዙ ሣጥን በታማኝነት ቢገለብጥም ይህን ማምጣት የሚችልበት መንገድ አልነበረውም። የኮሚኩ ውበት በገጽ አደራደሩ ላይ ከሆነ ለፊልም አትመኙት።

አንድ ትዕይንት በቅርበት፦ የውኃው ሌሊት

ከንግሥተ ሳባ ሸራ ላይ ሦስት ሣጥን እንውሰድ። ሰሎሞን ለንግሥቲቱ በርበሬና ጨው የበዛበት ማዕድ ያቀርብላታል፣ ከቤቱ ምንም ላትወስድ ያስምላታል። ሁለቱ በየአልጋቸው ተኝተዋል፣ ውኃው መሀል ላይ ነው። እጇን ይይዛታል።

በመጀመሪያው ነጭ ቦታ ውስጥ ያለው ጥማት ነው። ጥማት ሥዕል ላይ አይታይም፤ ፊልም ላይ ግን ሙሉው ትዕይንት እሱ ነው። ማዕዱን በ20 ሰከንድ ጨርሱትና ለሌሊቱ 70 ሰከንድ ስጡ፣ ያለ አንዲት ቃል። ከንፈሯ፤ ስትውጥ የሚንቀሳቀሰው ጉሮሮዋ፤ ከአልጋው እስከ ማሰሮው ያለው ወለል፤ ተኝቻለሁ የሚለው ሰውዬ ሽፋሽፍት፤ ምንጣፉ ላይ የሚያርፍ እግር። ውኃው ዋንጫ ውስጥ ሲወርድ ድምፁ ከሥዕሉ ሁለት ሰከንድ ቀድሞ ይሰማ። እጅ ሲይዝ ግን ምንም ድምፅ አትጨምሩ፤ የውኃው መቋረጥ ራሱ ይበቃል። ወደ 9 ሾት፣ ማለትም ሳይቋረጥ የሚቀረጽ ቁራጭ፣ ይሆናል።

ለብርሃን ጧፍ ብቻውን አይበቃም። ጧፉ በሥዕሉ ውስጥ ይታይ፣ ሥራውን የሚሠራው ግን ከሱ አቅጣጫ፣ ከአንድ ሜትር ተኩል ላይ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ አነስተኛ ኤልኢዲ መብራት ብርቱካናማ ወረቀት ለብሶ ነው። ፊልሙን በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል)፣ ሻተሩን፣ ማለትም ካሜራው ለአንድ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ አድርጉ፤ የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በ30 ፍሬም ብትቀርጹ የአምፖሉ ብርሃን ሊንቀጠቀጥ ይችላል፣ ኤዲቲንግ ላይም በቀላሉ አይወጣም።

እዚህ ላይ ነው የእኛም ኮሚክ ፈተና የሚገባው። የድሮው አተራረክ በሰሎሞን ብልጠት ይስቃል። የዛሬ ተመልካች ደግሞ ጨው አብልቶ ማስማል ምን ዓይነት መሐላ ነው ይላል፤ ልክም ነው። መፍትሔው ትዕይንቱን ማለስለስ አይደለም፣ ካሜራውን ከእሷ አልጋ በኩል ማቆም ነው። ክብረ ነገሥት ውስጥ እሷ ራሷ ውኃ መጠጣት መሐላ ያፈርሳል ወይ ብላ ትጠይቃለች፤ ያን ጥያቄ አትቁረጡት፣ ዝም ካለው ሌሊት በኋላ ይምጣ። የጎንደር ሠዓሊዎችም አንድ ነገር ያቀብሏችኋል፦ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደጉ በሁለት ዓይኑ፣ ክፉው በጎኑ በአንድ ዓይን ይሣላል። እጇን እስኪለቅ ድረስ ሰሎሞንን በጎኑ ብቻ ቅረጹት። ጠቢቡን በአንድ ዓይን ማሳየት ድፍረት ነው፤ ምንም ሳይናገሩ ግን አገሬው ይገባዋል።

ጎንደር ላይ ሲቀረጽ

ኮሚክ ሠዓሊ ሲደክመው ከሰው ጀርባ ያለውን ባዶ ይተወዋል፤ ካሜራ አይተወውም። ለእያንዳንዱ ባዶ ሣጥን ቦታ መፈለግ አለባችሁ። ሰማይ ጠቀስ ፎቅ ላይ የሚካሄድ ታሪክ እዚህ አይሆንም፤ ድንጋይ፣ ቅስት፣ ጠባብ ደረጃና ግንብ የሚፈልግ ግን ሞልቶለታል። ፋሲል ግቢ ከ1979 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ ፈቃድ ቀድሞ በጽሑፍ ይያዛል፣ ግድግዳ ላይ ሚስማርም ፕላስተርም አይለጠፍም፣ ጧፍ አይበራም። የሌሊቱን ትዕይንት በጭቃ የተለሰነ የሰው ቤት ውስጥ ሥሩት፤ ለዓይንም ይሻላል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥ የካሜራ ብልጭታ አታስቡት። ድሮንም ያለ ፈቃድ አይነሣም።

ፀሐዩ እኩለ ቀን ላይ ከአናት በላይ ስለሚሆን የዓይን ጉድጓድ ጥቁር ያደርጋል። የውጭ ቀረጻ ከጠዋቱ 12:30 እስከ 3 ሰዓት፣ ከዚያ ከ9:30 እስከ 11:45። በክረምት ንግግር ያለበትን ትዕይንት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አትያዙ፤ ዝናቡ ከመጣ ምንም ማይክ አያድናችሁም። ባጃጅ የሚበዛበት የፒያሳ መንገድ ላይ ደግሞ ልብስ ላይ የሚሰካ ማይክ ተጠቀሙ፣ ንግግሩንም እዚያው ቀረጻው እንዳለቀ ጸጥ ያለ ክፍል ገብታችሁ ስልክ ላይ ድገሙት። የጥምቀት ሰሞን የፋሲለደስ መዋኛ በውኃ ይሞላል፣ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው፤ ውኃ የሚፈልግ ታሪክ ካላችሁ ከሕዝቡ ጋር መጋፋት አለ።

ቁመታም ሣጥን ሲያጋጥማችሁ ቆርጣችሁ በአግድም ስክሪን አትጠቅጥቁት። ትራይፖድ ላይ ካሜራውን ከታች ወደ ላይ በ4 ሰከንድ አንሡት፤ ዓይን ገጹ ላይ የሚያደርገውን ጉዞ ያደርጋል። ሙሉ ገጽ የያዘውን ሥዕል ደግሞ ሳታንቀሳቅሱ ያዙት።

በብዛት የሚበላሸው ተዋናዩን በሣጥኑ አቋም ማቆም ነው። የተሣለው ሰው ክንዱን ዘርግቶ የቆመው ወረቀት ላይ እንቅስቃሴ ስለሌለ ነው፤ ሕይወት ያለው ሰው እንደዚያ ሲቆም ፎቶ የሚነሣ ይመስላል። ለተዋናዩ ከሣጥኑ በፊት ያለውንና በኋላ ያለውን ንገሩት፣ ሣጥኑን አታሳዩት። ቀጥሎ የሚመጣው ስህተት የትረካ ሣጥኖችን ሁሉ በተራኪ ድምፅ ማስነበብ ነው፤ «በዚያው ሌሊት…» የሚለውን በጧፍና በጅብ ጩኸት ተኩት። ፊቱ ሁለት ነጥብና አንድ መስመር ብቻ የሆነ ገጸ ባሕርይ ደግሞ በሰው ሲሠራ ይጠፋል። «ፐርሰፖሊስ» የተባለው ኮሚክ በ2007 ፊልም ሲሆን በአብዛኛው በጥቁርና ነጭ አኒሜሽን የቀረውና ደራሲዋ ራሷ አብራ ያዘጋጀችው በከንቱ አይደለም።

የመጀመሪያውን ቆረጣ፣ ማለትም ሾቶቹን አቀጣጥሎ ፊልም ማድረጉን፣ ስትጨርሱ ድምፁን አጥፍታችሁ ታሪኩን ለማያውቁ ሦስት ሰዎች፣ ለየብቻቸው፣ አሳዩ። ግራ የገባቸውን ቦታ ደቂቃና ሰከንዱን ጻፉ። ሦስቱም ያንኑ ቦታ ከጠቆሙ የጎደለው ብዙ ጊዜ አንድ የ2 ሰከንድ ሾት ነው፤ የሚያይ ዓይን፣ ወይም ወደ ዋንጫው የሚሄድ እጅ። እሱን ለመቅረጽ ተዋናዮቹን ሁሉ መጥራት አያስፈልግም፤ ያው ልብስ፣ ያው መብራትና አንድ ሰዓት ይበቃል፣ ልብሱን ሳታጥቡ አስቀምጡት።